ሊቅ ለሹመት ሲጠራ

በቦሌ መንገድ ወርዶ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው የሚደርስ ሰው የመንገደኞቹን አዳራሽ ብቻ አይቶ የተመለሰ እንደ ሆነ የቦሌን ትልቁን ሥራ ሳያይ ቀርቷል። ትልቁ ሥራ የሚሠራው የጭነት ዕቃ በሚገባበትና በሚወጣበት፣ የጉምሩክ ሹማምንት ከሚዛኑና ከመዝገቡ ጋር በሚቆሙበት በኩል ነው። በዚያ በር አበባና ሥጋ ይወጣል፤ መድኃኒት፣ የመኪና መለዋወጫ፣ ስልክና ልዩ ልዩ መሣሪያ ይገባል። የሚወጣው አብዛኛው ከመሬትና ከከብት የተገኘ ነው፤ የሚገባው ግን አብዛኛው ከሰው ዕውቀት የተገኘ ነው። በየትኛው ዕቃ ላይ ስንት ቀረጥ ይጣል፣ የትኛውስ ያለ ቀረጥ ይግባ የሚለው ነገር ለሚያልፍ ሰው የጸሐፊ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን አንድ ሕዝብ በምን ሥራ እንጀራውን እንደሚበላ የሚወስን ነው።

መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ለመንግሥት ሥራ መጠራቱ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወጥተው የዳግማዊ ምኒልክን ማኅተም ይዘዋል፤ የዘመናቸውንም ታሪክ ጽፈዋል። ነገር ግን የሊቁ ቦታ ብዕሩ ነበረ እንጂ ጉምሩኩ አልነበረም። ጉምሩኩና ገበያው የነጋድራስ ነበረ፤ ነጋድራስም ስሙ እንደሚያስረዳው የነጋዴዎች ራስ ነው። ንግድን የሚያውቀው በመነገድ ነው እንጂ ስለ ሀብት አመጣጥ በመመርመር አልነበረም። በኤውሮፓ የተማረ፣ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ሀብት መጽሐፍ የጻፈ ሰው በነጋድራስ ወንበር ሲቀመጥ የታየው በገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ በዓድዋ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩና ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። ልጁ በምፅዋ አጠገብ በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቈጠረ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከወደቡ በቆመ መርከብ ውስጥ ገብቶ ተሰወረ፤ መርከቡም በባሕር ላይ ሳለ ተገኘ። በዚህ አኳኋን ወደ ኦስትሪያ ተሻግሮ ባለጸጋ በሆነ ቤተ ሰብ እጅ አደገ፤ የጀርመንን ቋንቋ ዐወቀ፤ በበርሊንም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ተማረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አገራቸው የተመለሱት አማርኛውን ጭምር በደንብ ለመጻፍ የተጉ ሰው ሆነው ነው፤ ይህ ብቻውን ሊመሰገን የሚገባ ነው፤ በባዕድ አገር ያደገ ብዙ ሰው ዕውቀቱን በባዕድ ቋንቋ ውስጥ ቆልፎ ይቀራልና።

በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ በተከፈለ ጊዜ ግን መቀመጫ አጥተው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ስደቱ ለብዕራቸው ጠቀመ። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1912 «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በአሥመራ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ የንጉሡን ትልቅነት ሳይክዱ የአስተዳደሩን ጉድለት ዘረዘሩ፤ ግብሩ ልኩ የታወቀ እንዲሆን፣ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ፣ ሕግም እንዲጻፍ መከሩ። ለወጣቱ ለልጅ ኢያሱ ምሳሌ አድርገው ያቀረቡትም የጃፓንን መንግሥት ነው። ጃፓን በ1905 የሩሲያን መንግሥት በጦር ካሸነፈች ገና ሰባት ዓመቷ ነበረ፤ ነገር ግን ገብረ ሕይወት የተመለከቱት መድፏን ሳይሆን ከመድፉ በስተ ኋላ ያለውን ትምህርት ቤትና ግምጃ ቤት ነው።

የዋናው መጽሐፋቸው ስም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ሐሳቡ ጥልቅ ቢሆንም ለማንም ሰው ይገባል። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ በገበያ ሲገናኙ ንግዱ እኩል ሊሆን አይችልም፤ አንደኛው በመሣሪያ ኃይል በጥቂት ጊዜ የሠራውን ሁለተኛው በእጁ ብዙ ቀን ደክሞ ባገኘው ፍሬ ይለውጠዋልና። ነገሩን በቆዳ ብንመስለው፤ አንድ ባላገር ፍየሉን ዓመት ሙሉ አግዶ፣ አርዶ፣ ቆዳውን አድርቆ ለነጋዴ ይሸጣል። ቆዳው ባሕር ተሻግሮ ይለፋል፤ ጫማ ሆኖም ይመለሳል። ያ ባላገር ያንኑ ጫማ ልግዛ ቢል የብዙ ፍየል ቆዳ መሸጥ ይኖርበታል። ማንም አልዘረፈውም፤ ማንም አልዋሸውም። ሆኖም በየዓመቱ ከድካሙ ብዙውን ለማያውቀው ሰው ሲገብር ይኖራል። እንግዲህ በዓድዋ የተገኘው ነፃነት በገበያ ቀስ በቀስ እንዳይወሰድ የነጋድራሱ ፍርሃት ይህ ነበረ።

ከዚህም የተነሣ ባቡር መጣ ተብሎ ብቻ ደስ እንዳይባል ያስጠነቀቁ ሰው ናቸው። ባቡር ዕቃ ያመላልሳል እንጂ ዕቃ አይሠራም። ሥራ የማያውቅ አገር በባቡሩ ጥሬ ዕቃውን ብቻ የሚልክበት፣ የውጭውንም ሸቀጥ በርካሽ የሚያስገባበት እንደ ሆነ የአገሩ ሸማኔና ቀጥቃጭ ይጠፋል። ብዙ የዘመኑ ሰው ሐዲዱን ሲያይ ሥልጣኔ ደረሰ ብሎ ሲያጨበጭብ፣ እኒህ ሰው ፉርጎው ሲሄድ ምን እንደ ጫነ፣ ሲመለስም ምን እንደ ጫነ ጠየቁ።

ከስደት ተመልሰው የጅቡቲን ባቡር ሥራ እንዲመረምሩ ታዘዙ፤ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ለኢትዮጵያ ዛሬ ቦሌና የጅቡቲ መንገድ የሆኑትን ያህል ነበረች፤ ባቡሩ ከዚያች ቦታ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለ ንግድ ሚዛን የጻፈው ሰው ሚዛኑን ራሱን ያዘ ማለት ነው። የጻፈውን በሥራ ሊያሳይ ጊዜው የደረሰ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ወንበሩ ነበረ እንጂ ሥልጣኑ ሙሉ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. በጥር ወር ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሳይ መልእክተኛ ከሙሴ ክሎቡኮውስኪ ጋር የተዋዋሉት ውል በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከመቶ ዐሥር እንዳያልፍ ወስኖት ነበር፤ ለመጠጥ ዓይነት ደግሞ ከመቶ ስምንት አደረገው። በሌሎችም መንግሥታት ዜጎች ዘንድ ይኸው ልክ ሆነ። እንግዲህ የድሬዳዋው ነጋድራስ የአገሩን ሸማኔ የሚያድን ቀረጥ በሐሳቡ ቢያውቅም በእጁ ሊጥለው አይችልም። ሊሠራ የሚችለው መዝገቡን ማጥራት፣ ሌባውን መከልከል፣ ገቢውን ለመንግሥት ማድረስ ነው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሆኖም መጽሐፉ የሚጠይቀው ነገር ከዚህ በላይ ነበር። ፈርዖን ዮሴፍን ስለ ሕልሙ ትርጓሜ አመስግኖ አላሰናበተውም፤ ቀለበቱን ከእጁ አውልቆ አደረገለት፤ ጎተራውንም ሰጠው። ለገብረ ሕይወት ጎተራው ተሰጠ፤ ቀለበቱ ግን ሙሉ በሙሉ በንጉሡም እጅ አልነበረም።

ጃፓንም በዚሁ መንገድ እንዳለፈች ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያለው የጃፓን ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1866 በተደረገ ውል በሚገባው ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከመቶ አምስት ብቻ እንዲሆን ተገድዳ ነበር። ከ1871 እስከ 1873 መሳፍንቷንና ሊቃውንቷን ወደ አሜሪካና ወደ ኤውሮፓ ስትልክ ከጉዳዩ አንዱ ውሉን ማሻሻል ነበረ፤ ግን እንቢ ተባሉ። እንቢ ሲባሉ ተማሩና ተመለሱ። ሕጋቸውን ጻፉ፤ ፋብሪካቸውን ተከሉ፤ ውሉንም ቁራጭ በቁራጭ አስለወጡ፤ ቀረጧን በራሷ ፈቃድ የመጣል ሙሉ ሥልጣን ያገኘችው በ1911 ነው። ይህን ለማግኘት አርባ አምስት ዓመት ፈጀባት። የገብረ ሕይወት ጽሑፍ በአሥመራ የታተመው ጃፓን ይህን ባገኘች በማግሥቱ ዓመት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በኢትዮጵያ ግን የሊቁ ዕድሜ አጠረ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል ሆኗቸው ዐረፉ። መጽሐፉም በሕይወታቸው ሳይታተም ቀርቶ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። የውሉ ማሰሪያ የላላውም ከዚያ በኋላ ነው፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1931 መንግሥቱ ቀረጡን ሳይነካ የፍጆታ ግብር የሚባል ሌላ መንገድ ፈለገ፤ የውጭ መልእክተኞችም በዚህ ላይ ጮኹ። በዚያው ዓመት፣ ማለት በሐምሌ 1923 ዓ.ም.፣ የታወጀውን ሕገ መንግሥት በጃፓን ሕገ መንግሥት ምሳሌ ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በሩሲያና በኤውሮፓ የተማሩ ናቸው፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚያን ጊዜ ጃፓንን በዓይናቸው ሊያዩ ሄዱ። የገብረ ሕይወት ሐሳብ ሰው ነበረው ማለት ነው፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን የፋሺስት ጦር ደረሰ።

ሊቅ ከመጽሐፍ ቤቱ ተጠርቶ የኤኮኖሚን ሥራ ሲይዝ፣ ሙሉ ሥልጣንም ሲሰጠው ምን እንደሚሆን ለማየት የፈለገ በዘመናችን የጃፓኑን የሄይዞ ታኬናካን ታሪክ ሊመለከት ይችላል። ታኬናካ በ1951 በዋካያማ ተወለዱ። ከሂቶትሱባሺ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው በ1973 በጃፓን የልማት ባንክ ሥራ ጀመሩ፤ በኋላም በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚ መምህር ሆኑ። በሚያዝያ 2001 ጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ መንግሥታቸውን ሲያቆሙ የምክር ቤት አባል ያልሆኑትን እኒህን መምህር የኤኮኖሚና የበጀት ፖሊሲ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። በፓርቲው ውስጥ ወገን የሌላቸው፣ የምርጫ ክልል የሌላቸው ሰው ነበሩና ሽማግሌዎቹ የፖለቲካ ሰዎች በንቀት አዩዋቸው።

በጃፓን ባንኮች ውስጥ የማይመለስ ብድር ከዐሥር ዓመት በላይ ሲከማች ቆይቶ ነበር። ባንኮቹ ዕዳው እንደማይከፈል እያወቁ በመዝገብ ላይ እንደ ሀብት ይጽፉታል፤ መንግሥትም እያወቀ ዝም ይላል። በመስከረም 2002 ኮይዙሚ የገንዘብ ተቋማቱን ሥራ ጨምረው ለታኬናካ ሰጧቸው። ሰውየው የጠየቁት ነገር ለተማሪ የሚጠየቅ ዓይነት ነው፤ ዕዳውን በትክክል ቁጠሩ አሉ። ባንኮቹና የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ተነሡባቸው፤ የአክሲዮን ገበያውም ወደቀ። በ2003 ሬዞና የተባለው ትልቅ ባንክ ሒሳቡ በትክክል ሲቈጠር መቆሚያ አጣ፤ መንግሥትም ወደ ሁለት ትሪሊዮን የን የሚጠጋ ገንዘብ አስገባለት። ነገር ግን በመጋቢት 2002 በትልልቆቹ ባንኮች ከመቶ 8.4 የነበረው የማይመለስ ብድር በመጋቢት 2005 ወደ 2.9 ወረደ።

ሁለተኛው ጉዳይ የፖስታ ነበረ። የጃፓን ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚያደርስ ብቻ ሳይሆን ከ24 ሺህ በላይ መሥሪያ ቤቶች ያሉት፣ የሕዝቡን ቁጠባና መድን የያዘ እጅግ ታላቅ ግምጃ ቤት ነበር። ገንዘቡም ለመንገድና ለድልድይ ሥራ እየተባለ ለፖለቲካ ሰዎች ማለፊያ መንገድ ሆኖ ነበርና ኮይዙሚና ታኬናካ ወደ ግል ይዛወር አሉ። በነሐሴ 8 ቀን 2005 የላይኛው ምክር ቤት ሕጉን በ125 ድምፅ ለ108 ጣለው። ኮይዙሚ ሕጉን አልተዉም፤ ሚኒስትራቸውንም አልሸጡም፤ የታችኛውን ምክር ቤት በትነው ሕዝቡን ጠየቁ። በመስከረም 11 ቀን በተደረገው ምርጫ ፓርቲያቸው ከ480 ወንበር 296 አገኘ፤ ሕጉም በጥቅምት ጸደቀ። በ2006 ኮይዙሚ ሲለቁ ታኬናካም በ2004 ከ700 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ ያገኙትን የምክር ቤት ወንበር ትተው ወደ ኬዮ ተመለሱ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ሌላው ወገን መነገር አለበት። በእኒያ ዓመታት ቋሚ ሥራ የሌለው፣ በጊዜያዊ ውል የሚሠራ ጃፓናዊ እየበዛ ሄደ፤ ብዙ ሰውም ጥፋቱን ወደ ታኬናካ ያደርገዋል። እርሳቸው ደግሞ በ2009 ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚያቀርብ ፓሶና የተባለ ኩባንያ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ይህም ከወቀሳው በላይ ሌላ ወቀሳ አመጣባቸው። ሹመቱን የለቀቀ ሊቅ እንጀራውን ከየት እንደሚቆርስ ሕዝብ ይመለከታል፤ መመልከቱም ተገቢ ነው። ገብረ ሕይወት በድሬዳዋ ሳሉ ይህን የመሰለ ክፉ ስም አልተዉም፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ሰውየው ሥልጣን ለቅቀው የሚታዩበት ዕድሜ አላገኙም።

በኢትዮጵያ የመምህሩና የሹሙ ነገር ከዚያ ወዲህም አልተቋረጠም። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ዶክተር ፍጹም አሰፋ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የጃፓን ሊቅ ራሱ ወደ አዲስ አበባ የመጣበት ጊዜ ነበር። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን የፋብሪካ አሠራር ማሻሻያ፣ ካይዘን የሚባለውን፣ ለኢትዮጵያ እንዲያስተምሩላቸው ጠየቁ፤ ስለ ኢንዱስትሪ ፖሊሲም ከጃፓን ሊቃውንት ጋር ለመወያየት ፈለጉ። በቶኪዮ የፖሊሲ ጥናት ተቋም የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ኬኒቺ ኦኖ እየተመላለሱ ከጠቅላይ ሚኒስትሩና ከሚኒስትሮቹ ጋር ተነጋገሩ። ካይዘኑ በመጀመሪያ በሠላሳ ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ቆመ። ኦኖ ሹመት አልያዙም፤ የውጭ አገር ሰው ናቸውና ሊይዙም አይገባም። የሚናገሩትን የሚሰማ፣ ሰምቶም የሚከራከራቸው መሪ ማግኘታቸው ግን ለሥራው ጉልበት ሆነው።

የዚያ ዘመን ሐሳብ በአዲስ አበባ ምሥራቅ በዓይን ይታያል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ምሥራቅ አልፎ ለሚሄድ ሰው በቦሌ ለሚ የተሠሩት ረጃጅም የፋብሪካ አዳራሾች ይገጥሙታል። ከ2014 ጀምሮ በእነዚህ አዳራሾች ልብስ፣ ጫማና ጓንት እየተሠራ ወደ ውጭ ተላከ፤ በሥራውም ላይ አብዛኞቹ ሴቶች ወጣቶች ናቸው። ገብረ ሕይወት ቢያዩት ደስ የሚላቸው ነገር አለ፤ ጥሬ ዕቃ ብቻ የምትልክ አገር የተሰፋ ልብስ ላከች። የሚጠይቁት ጥያቄም አለ፤ የተሰፋው ጨርቅ አብዛኛው ከውጭ አገር የገባ ነበርና። መርፌው በቦሌ ለሚ፣ ሽመናው በሌላ አገር ከሆነ ከድካሙ ዋጋ የሚበልጠው ድርሻ አሁንም የሚቀረው በሽመናው ዘንድ ነው። ገበያውም በሌላ ሰው እጅ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ያለ ቀረጥ ከሚያስገቡት አገሮች መዝገብ ሲሰርዛት፣ ለአሜሪካ ይሰፉ የነበሩት አዳራሾች በአንድ ቃል ተጎዱ።

የቆዳውም ነገር እንዲሁ ተሞክሯል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 መንግሥት ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ ከመቶ 150 ቀረጥ ጣለ፤ ቆዳው በአገር ውስጥ ለፍቶ ጫማና ጓንት ሆኖ እንዲወጣ። የድሬዳዋው ነጋድራስ ሊጥሉት ያልቻሉት ዓይነት ቀረጥ በመጨረሻ በኢትዮጵያ ፈቃድ ተጣለ ማለት ነው። ቀረጡ ግን ብቻውን ቆዳ አያለፋም። በከብቱ ገላ ላይ ያለው የመዥገርና የእከክ ጠባሳ፣ በባላገር ቤት በቢላዋ የሚቀደደው ቆዳ፣ ሳይጨው የሚውለው ሌጦ፤ ይህ ሁሉ ለጉምሩክ ሹም ሳይሆን ለእንስሳት ሐኪምና ለገጠር መምህር የሚተርፍ ሥራ ነው። ገብረ ሕይወት ከቀረጥ ይልቅ ዕውቀትን ማስቀደማቸው ያለ ነገር አልነበረም።

አሁን ደግሞ የቀረጡ ነገር ወደ ውል ጠረጴዛ ተመልሷል። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ያመለከተችው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ነው፤ ድርድሩም ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል። በጄኔቫ የሚቀመጡት ተደራዳሪዎች ስለ ጨርቅ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ብረት፣ ስለ ዘይት የቀረጡን ጣሪያ በየዕቃው፣ በየቁጥሩ ይከራከራሉ። በ1900 ዓ.ም. ይህ ሁሉ በአንድ አንቀጽ አልቆ ነበር።